«ቼ በለው» በታደሰ ሸክላ

የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ ያሳተሙት «ቼ በለው» በአመዛኙ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሸክላ መልሶ አሳትሞታል። ይህን ዳግም እትም ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ የተለየ ስሜት አለው፤ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው እዚሁ ነውና። ይሁንና ከተማዋን የለቀቀው ገና በ10 ዓመቱ ነው። ሸክላው ላይ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ወይም የአንኮበርን ገደል የሚፈልግ አድማጭ ሥራውን ያልተበደረውን ዕዳ ያስከፍለዋል። አልበሙ የተወለደው አዲስ አበባ፣ ሂልተን ሆቴልን በመሳሰሉ መድረኮች ሌት ተቀን ሲጫወት በኖረ ባንድ እጅ ነው፤ መመዘንም ያለበት በዚያ ነው።

በአልበሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው እንደ «ሎሚ ተራ ተራ» እና «ብርቱካኔ» ያሉ ሕዝብ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ዜማዎች ቅንብር ነው። ሁለተኛው ለባንድ ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ ሲሆን፣ ቁንጮው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። «እቲ ጓል ብሌናይ» የተሰኘው የትግርኛ ዜማም ተካቷል፤ ኃይሉ ያደገው የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ዘፈን እየሰማ ነውና በእንግድነት የገባ አይመስልም።

የአልበሙ ትልቁ ስኬት ኦርጋኑን በድምፃዊው ወንበር ማስቀመጡ ይመስለኛል። ኃይሉ በ14 ዓመቱ በራሱ ጥረት የተማረው መሣሪያ አኮርዲዮን ነው፤ አኮርዲዮን ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ያ ልማድ ወደ ኦርጋኑ ተሻግሯል። ዜማው የሚወርደው በሐረግ በሐረግ ነው። የሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፅ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ለመውሰድ ያህል ፋታ ይሰጣል። በዚያው አሥር ዓመት የዲፕ ፐርፕሉ ጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋኑን በማርሻል የጊታር አምፕሊፋየር እያሳለፈ ያስገሳው ነበር። እዚያ ኦርጋን ከጊታር ጋር ይታገላል። እዚህ ግን ያዜማል፤ ጉልበቱም ያለው በቅኝቱ ላይ በሚያሳየው ጥንቃቄ እንጂ በጩኸቱ ላይ አይደለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ የውጭ አድማጭ በቀላሉ የማያገኘው ነገር አለ። «ሎሚ ተራ ተራ»ን የምናውቅ ሰዎች ኦርጋኑ ሲነሣ ግጥሙን በልባችን እንሞላለን። ቃሉ ሸክላው ላይ የለም፤ ያለው እኛ ጋ ነው። አልበሙ የወጣው ቀይ ሽብር በተፋፋመበት፣ የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚያልፍበት ዘመን መሆኑን ስናስብ፣ ይህ የአድማጭ ተሳትፎ ተጨማሪ ክብደት ያገኛል። ባንዱ ይህን ሆን ብሎ አድርጎታል ለማለት አልደፍርም። ውጤቱ ግን ይሰማል፦ ዜማው የጋራ ነው፣ ቃሉ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ነው።

የታደሰው ሸክላ ዋና ውለታ የታችኛውን ድምፅ መመለሱ ነው። ብዙዎቻችን የዚያን ዘመን ሙዚቃ ያወቅነው ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቅጂ ሲሆን፣ ቅጂ ደጋግሞ ሲገለበጥ የቤዙና የከበሮው ጥራትም ይደበዝዛል። እዚህ «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ የመላኬ ገብሬ ቤዝ ጊታር አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ሲይዝ፣ የተማረ ሐረጉ ድራም ከሥሩ ሲገፋው በግልጽ ይሰማል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዋናውን ዜማ የሚያውጁት በዚህ መሠረት ላይ ቆመው ነው። ድግግሞሹ የማይሰለቸው ከላይ የሚቀያየረው ነገር በልክ ስለተሰጠ ነው፤ ይህን ልክ የወሰነው የግርማ በየነ የቅንብር ችሎታ ነው። እኔ ከዚያ ዘመን የባንድ ሙዚቃ ይህን የሚስተካከል ብዙ አላውቅም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። እድሳቱ ያልተቀረጸውን ሊፈጥር አልቻለም፤ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት ጮክ ባሉባቸው ቦታዎች አሁንም ይደራረባሉ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ጆሮ ይደክማል። ይህ የቴክኒክ ነው፤ ይቅር ይባላል። የሚከብደኝ የአወቃቀሩ ነው። የሕዝብ ዜማዎቹ ቅንብር አልፎ አልፎ ከጨዋነት አይወጣም፦ ዜማው ይቀርባል፣ ይደገማል፣ ተጫዋቹ ሊሞቅለት ሲል ያልቃል። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጋብዞ ሳለ የተሰጠው ስፍራ ጠባብ ነው። እንግዶች እራት እየበሉ ለሚሰሙት ምሽት ይህ ቁጥብነት ተገቢ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ባንድ ግን ዜማውን አፍርሶ እንደገና የመገንባት አቅም ነበረው፤ በአብዛኛው ግን ይህን አልሞከረም። የአልበሙ ቅደም ተከተልም ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚያደርስ ውስጣዊ መንገድ የለውም፤ ጥሩ ሥራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ዜማን አፍርሶ እንደገና የመገንባቱ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከ41 ዓመት በኋላ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ ለዓመታትም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቤዝና ከድራም ተጫዋች ጋር ለሦስት ሆኖ ያወጣው «ላላ በሉ» ላይ «ትዝታ» አሥር ደቂቃ ያህል ይፈሳል፤ አኮርዲዮኑም ይመለሳል። በ1977ቱ ሸክላ ላይ በር ላይ የቆመው ነፃ ጨዋታ እዚያ ቤቱን ይሞላል። ስለዚህ «ቼ በለው»ን መግዛት የሚችል ሰው ሁለቱን በተከታታይ እንዲሰማ እመክራለሁ፤ በጋራ መተንፈስና ምትን በመቆጣጠር ግን የሚበልጠው አሁንም የፊተኛው ነው።