መቀናጆ

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ መሬቱን ጦም አያሳድርም። እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ አንድ ቀን የራሱን፣ አንድ ቀን የባልንጀራውን ያርሳል። ይህ መቀናጆ የሚባለው ብልሃት እኛን ዲግሪ የደራረብነውን ለምን እንዳቃተን ይገርመኛል።

ነገሬ ስለ ካንሰር ነው። ዓለም ዛሬ የሰውን የራሱን የመከላከያ ሴል በካንሰር ላይ ያዘምታል። የነዚህን ሴሎች ፍሬን የሚያስለቅቀው የመጀመሪያው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ መንገዱን የጠረጉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆም በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። ችግሩ መድኃኒቱ ለአንዱ ሲሠራ ለሌላው አለመሥራቱ ነው። ማንን እንደሚረዳ ለማወቅ ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ የመከላከያ ሴሎችን በየዓይነታቸው መቁጠር፣ የነቃውን ከደከመው መለየት ነው።

«እባክህ አትቀልድ! ለስማዳዋ ሴት መጀመሪያ እብጠቷን በማይክሮስኮፕ የሚያይላት ሐኪም ፈልግላት» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበር ማን ይረሳል? ቆጠራው ግን ቅንጦት አይደለም። ሲዲ4 የምንቆጥርበት ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባለው ዘዴ፣ የተሟላ ማሽንና ባለሙያ ካገኘ፣ የደም ካንሰርን ዓይነትም ይለያል። ይህ ለዛሬ በሽተኛ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ቫይረሱ የሌለባቸውን ጤነኛ ሠራተኞቻችንን ደም ለካ። በ1999 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የኛዎቹ አማካይ ሲዲ4 775፣ የደች ደም ለጋሾች ደግሞ 993 ነበር። የነቁት ሴሎች በኛዎቹ ዘንድ በዝተው ተገኙ። ወደ እስራኤል በሄዱ ወገኖቻችን ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቶ ተመራማሪዎች ከሆድ ትላትል ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረ የእስቴ ገበሬ በአምስተርዳም ልክ ሊለካ ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ይህንንም ሳያስቡት አልቀረም።

ዕውቀቱ ከቤታችን አልጠፋም። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሥጋ ደዌ ተነስቶ የሰውነትን መከላከያ ሲያጠና ኖሯል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ካላዛርን ያጠናል። የጎደለን ልማዱ ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ማሽን፣ የራሱን ማቀዝቀዣ፣ የራሱን ቁልፍ ይፈልጋል። ገንዘቡ ሲያልቅ ኬሚካሉ ጊዜው ያልፍበታል፣ ባለሙያው ይለቃል፣ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ከዚያ ሌላ ፕሮጀክት ይመጣና ሌላ ማሽን ይገዛል! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን እየተረትን እንኳ ለብቻችን እንሸከማለን።

የጋራ ላቦራቶሪ ማለት ሪባን የሚቆረጥለት ሕንፃ ማለት አይደለም። አንድ የኬሚካል ግዢ፣ አንድ የጥገና ውል፣ ከፕሮጀክት ጋር የማይሞት የባለሙያ ደመወዝና ሁሉም የሚያየው የተራ መዝገብ ማለት ነው። ደም ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ ለዚህ ዓይነት ቆጠራ ቢበዛ በሁለት ቀን ገደማ መድረስ አለበት። ነፋስ መውጫ በወረታና በወልዲያ መንገድ ላይ ስላለች ትሻላለች፤ ከወገዳ ግን ማን ያደርሰዋል? ስለዚህ ከማሽኑ ዋጋ ጎን የሞተረኛው አበልና የበረዶ ሣጥኑም ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ውጤቱ ይመለስ። ከስማዳ ደም ቀድተን እኛ ዶክተር ከተባልንበት፣ እሷ ግን ምን እንደታመመች ሳይነገራት ከቀረች፣ የተጋራነው ላቦራቶሪ ሳይሆን ደሟን ነው።