ባለቤቱ ያልተጠራበት ክብር

የአሜሪካ ኮሌጆች ማስኮት አብዛኛውን ጊዜ ለሳቅና ለጨዋታ የሚቀርብ ነው፤ ውሻ፣ ድብ፣ ንስር። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለ80 ዓመታት የኖረው ቺፍ ኢላይኒዌክ ግን እንዲያስቅ አልተፈጠረም። “ቺፍ” የጎሳ አለቃ ማለት ነው። በፉትቦል ጨዋታ አጋማሽ ላይ የላባ ዘውድ የደፋና ፊቱን የተቀባ ተማሪ ከማርሽ ባንዱ መካከል ብቅ ይላል፤ ይጨፍራል፤ ዘልሎ እግሩን በአየር ላይ ይዘረጋል፤ በመጨረሻም እጁን አጣምሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ተቃቅፎ የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ይዘምራል። የሚያለቅሱም ነበሩ። ይህን ትርኢት የሚተች ሰው በቅድሚያ እንባው እውነተኛ እንደነበር ማመን አለበት። ጥያቄው እንባው ለማን ይፈስ ነበር የሚለው ነው።

ቺፉ እንደ ማንኛውም የመድረክ ገጸ ባሕርይ ደራሲ ነበረው። ሐሳቡን ያመነጨው የባንዱ ረዳት መሪ ሬይ ድቮራክ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተጫወተው ደግሞ ጭፈራውን በቦይ ስካውትነቱ የተማረው ሌስተር ሉትዋይለር የተባለ ተማሪ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ሻምፔይን ውስጥ ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ላይ ቺፉ ሜዳ ገብቶ፣ ዊሊያም ፔንን መስሎ ከቀረበ ሰው ጋር የሰላም ፒፓ አጨሰ። ነጭ ተማሪ ከነጭ ተማሪ ጋር ታረቀ፤ ተመልካቹም አጨበጨበ። በዕርቁ ውስጥ አንድም የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ አልነበረም።

እውነተኞቹ ኢላይናይ የት ነበሩ? ፒዮሪያ፣ ካስካስኪያና ሌሎችም ነገዶች የተባበሩበት ይህ ሕዝብ ለግዛቱ ስሙን ሰጥቷል። በ1832 በተፈረመ ውል በኢሊኖይ የቀረውን መሬቱን ለቀቀ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካንሳስ ተገፋ። ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተበት በ1867 ሌላ ውል ተፈርሞ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር እንዲሄድ ተደረገ። ዘሮቹ ዛሬም እዚያ አሉ፤ የኦክላሆማ ፒዮሪያ ነገድ ይባላሉ።

አልባሳቱም የእነርሱ አልነበረም። በ1982 የተገዛው ልብስ የመጣው ፍራንክ ፉልስ ክሮው ከተባሉ የላኮታ አረጋዊ ነው፤ ላኮታዎች ደግሞ ከኢሊኖይ ርቆ በሚገኘው ሜዳማ አገር የሚኖሩ ሌላ ሕዝብ ናቸው። በላኮታ ባህል የንስር ላባ በሥራ የሚገኝ ማዕረግ ነው። የአገራችንን ጎፈር የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይጠፋውም፤ ጎፈር የደፋ ሰው ስለ ጀግንነቱ ምስክር ነበረው። ጎፈርን ለጨዋታ እረፍት የሚደፋ ተማሪ ቢመጣ አንድ ሽማግሌ ምን ይሉ ነበር?

ይህን ጥያቄ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ በአደባባይ ያነሳችው ቻርሊን ቲተርስ ናት። የስፖካን ነገድ ተወላጅና በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ተማሪ የነበረችው ቲተርስ ልጆቿን ወደ ጨዋታ ወሰደች። ላባ ማክበርን ያስተማረቻቸው ልጆች ትርኢቱን ሲያዩ፣ ሴቷ መሬት ብትውጣት ወደደች፤ ወንዱ ለመሳቅ ታገለ። እናት ጽሑፍ ይዛ ስታዲየም ደጃፍ ላይ ቆመች። የጄይ ሮዘንስታይን የ1997 ዘጋቢ ፊልም “በማን ክብር?” የሚተርከው ይህን ነው። የፊልሙ ጥንካሬ የቺፉን ወዳጆችም ማናገሩ ነው፤ ጭራቅ አድርጎ አይስላቸውም። ይሁንና ታሪኩ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ስለቆመ፣ ተመልካች ነገሩን የአንዲት እናት ቅሬታ ብቻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በ2000 የፒዮሪያ ነገድ ምክር ቤት ራሱ ማስኮቱ እንዲቀር ሲጠይቅ ግን ይህ ማምለጫ ተዘጋ።

የቺፉ ደጋፊዎች መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ እናከብራቸዋለን እንጂ አንንቃቸውም። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” ይላል ተረቱ። የኢሊኖይ ታሪክ በዚህ ተረት ላይ አንድ ነገር ይጨምርበታል፦ ባለቤቱ ቤት የለም ብሎ ያመነ ሰው ሳይንቅም አጥር ይነቀንቃል። ቺፉ የጠፋ ሕዝብ መታሰቢያ ተደርጎ ተወደደ፤ ሕዝቡ ግን አልጠፋም ነበር። መጠየቅ እንደሚቻል ፍሎሪዳ ታሳያለች። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሰሚኖልን ስም ይዞ የቀጠለው የፍሎሪዳ ሰሚኖል ነገድ በ2005 ድጋፉን ስለሰጠ ነው። ክርክሩ በዚህ ባያልቅም ቢያንስ ባለቤቱ ተጠይቋል።

በዚያው ዓመት የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) እንዲህ ያለ ማስኮት የያዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሻምፒዮና ውድድር እንዳያዘጋጁ ወሰነ። በ2007 መጀመሪያ የኦግላላ ላኮታ መሪዎች ልብሱ እንዲመለስ ጠየቁ። የካቲት 21 ቀን 2007 ቺፉ ከሚሺጋን ጋር በተደረገ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ጨፈረ። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ የሚወዱትን ነገር መተው ለማንም ቀላል አይደለም። ፍቅር ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም።

በ2020 ተማሪዎች በሰጡት ድምፅ አብላጫው ዓሣ አጥማጇን ወፍ ደገፈ። ቀለሟ ከዩኒቨርሲቲው ሰማያዊና ብርቱካናማ ጋር ይገጥማል። ላባዋም የራሷ ነው።