የወንበሩ ቁመት

በሆሳዕና አካባቢ ካለችው ከጃጁራ ከተማና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች የዳሌ መገጣጠሚያ ለማስቀየር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲኖር፣ የቤተሰቡ ሐሳብ ሁሉ ገንዘብ ላይ ያርፋል። እውነታቸውን ነው፤ የሚገጠመው ዕቃ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ካላገዘ አይሞላም። እኔ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን ስለ ታማሚዋ ውሎ ነው። «እናቴ፣ ከማለዳ ጀምረው ይንገሩኝ፤ የት ይቀመጣሉ? ከምን ላይ ይነሳሉ?» እላለሁ።

ሕክምናው ራሱ ዘመን የፈተነው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ብረትንና ፕላስቲክን አጣምሮ መንገዱን ከጠረገ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ከተቀየሩ ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። የሚያሰጋው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። በተለይ ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተገጠመ ዳሌ፣ ጭን ከ90 ዲግሪ በላይ ወደ ሆድ ሲታጠፍ ወይም እግር በእግር ላይ ሲነባበር ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

የእኛ ኑሮ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚኖር ነው። ቡና የሚጠጣው በርጩማ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ያስብላል። እንሰት የምትፍቅ እናት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አጥፋ፣ እንሰቱን በተረከዟ ከሳንቃው ጋር አጣብቃ ትውላለች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያን መፋቂያ ማን እንደሚይዘው ካልተወሰነ፣ ቤት ውስጥ ቆጮ ሲያልቅ ራሷ መቀመጧ አይቀርም። ስለዚህ ምራቶቹና ልጆቹ ባሉበት አስቀድሞ እንዲነጋገሩበት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

በርጩማውን የሚተካውን ከፍ ያለ ወንበር አናጺ በዓይን ግምት አይሠራውም። ታማሚዋ የምታዘወትረውን ጫማ አድርጋ፣ ከጉልበቷ ጀርባ እጥፋት እስከ መሬት ይለካል፤ መቀመጫው ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ሁለት ጠንካራ የክንድ ማሳረፊያ ይኖረዋል። አልጋውም በዚሁ ልክ ነው። ያው አናጺ መሃሉ የተቀደደ ሌላ ወንበር ለሽንት ቤቱ ይሠራል፤ እግሮቹ ሰፋ ብለው እንዳይንገዳገዱ። የላስቲክ ወንበር ስለሚንሸራተት አልቀበልም።

ሌላው ፈተና አክብሮታችን ነው። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ይባላል፤ ሰላምታ የሚሰጠው ጎንበስ ተብሎ ነው። ታማሚዋ አልነሳም ማለት ይከብዳታል፣ እኔም አላስገድዳትም። አነሳሷን ነው የምናለማምደው፦ ወደ ወንበሩ ጫፍ መጠጋት፣ የታመመውን እግር ወደፊት ማስቀደም፣ በክንድ መግፋት። እጇን ስትዘረጋ ወገቧ ቀጥ ይላል። ጠያቂ ዘመዶችም ምክንያቱ ይነገራቸው፤ ለማሸት ቅቤ ይዞ የሚመጣም፣ ወጌሻ የሚያስጠራም በደግነት ስለሆነ በደግነት ይመለስ።

ሰውነትን ማዘጋጀት የሚጀመረው ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ቆጮ ያጠግባል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ቁስል እንዲጠግግ ባቄላ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ወተት ይታከልበት። ደም ግፊቷና ስኳሯ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊታይ ይችላል። የተቦረቦረ ጥርስና የተሰነጠቀ ተረከዝ ግን ቀላል ይመስላሉ፤ ከዚያ የሚነሳ ተሕዋስ በደም አድርጎ አዲሱ ዳሌ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ባዶ እግር መሄድ ይቅር፤ እግር በየማታው ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ቅባት ይቀባ። ለጡንቻ ደግሞ አልጋ ላይ እግርን ዘርግቶ ጉልበትን ወደ ፍራሹ መጫን፣ 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ መደጋገም። ክራንችም የሚለመደው አሁን፣ ቁስል ሳይኖር ነው። ቀን መምረጥ የሚቻል ከሆነ የሐዲያ ዘመን መለወጫ የሆነው ያሆዴ ካለፈ፣ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በመልሱ ጉዞ መኪናው በየሰዓቱ ቆሞ ትንሽ ትራመድ፤ ረጅም መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል። መኪናው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ፣ ከዚያ እግሮቿን በአንድነት ታስገባ። ሞተር ብስክሌት ላይ አትወጣም። መኪና ቤቷ ደጅ ድረስ የማይገባ ከሆነ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ያን ከፍ ያለ ወንበር ይዘው መንገድ ዳር እንዲጠብቋት ከመሄዷ በፊት ይነገራቸው።