ሰምና የነሐሱ በሬ

ሶዶ ቤቴ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ በከባድ ድንጋይ ላይ በብሎን የታሰረ የነሐስ በሬ አለ። ክረምት ገብቶ የዳሞታ ተራራ ጉም ቤቱን ሲያረጥበው ምስጋናዬ ለንብ ሰም ነው።

ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። እርጥበትና የጣት ላብ ጨው ሲያገኙት አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል፤ ካልተያዘም ውስጡን እየበላ ይሄዳል። ስለዚህ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ አብሼ፣ በደንብ አድርቄ፣ ሰም ሳሳ አድርጌ እቀባዋለሁ። ቆይቼ ስወለውለው ከቀንዱ እስከ ሻኛው ያለው ቡናማ ወዝ ይመለሳል። ሎሚና አመድ ግን በፍጹም! ለድስት የሚበጀው ፍተጋ ዓመታት የሰጡትን ቀለም በአንድ ጠዋት ይገፈዋል።

ደግሞስ ሰም ጠባቂ ብቻ መቼ ሆነ? ቀራጩ በሬውን መጀመሪያ የሠራው በሰም ነው። በጭቃ ሸፍኖ ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ወጣ፤ የቀለጠው ነሐስ በባዶው ቦታ ገባ። ከጥንት መስቀሎቻችንም ብዙዎቹ የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። ሰሙ ቦታውን ባይለቅ ኖሮ ይህ አንገት፣ ይህ በአውራ ጣት የተጫነ የግንባር ስርጉድ ከየት ይገኝ ነበር?

ዘንድሮም ሐምሌ ሲገባ የሰሙን ጣሳ ከፍቻለሁ። ቤቱ ማር ማር ይሸታል።