«በእጅ የተሠራ» የገና ካርድ

ባለፈው ገና ሰሞን «በእጅ የተሠሩ ናቸው» የተባሉ ሦስት የመልካም ምኞት ካርዶች ገዛሁ። አሠራራቸው አንድ ነው፤ ቅርጹ ከካርቶን ላይ ተቆርጦ ይወጣል፣ ካርቶኑ በወረቀት ላይ ይነጠፋል፣ ቀለም በነካ ስፖንጅ መታ መታ ይደረጋል። ቀለሙ ከቀጠነ በጠርዙ ሥር ሰርጎ ሥዕሉን ያበላሻል።

ሁለቱ በረዶ የለበሰ ጥድ ናቸው። ሠሪው በረዶውን ያየው በሌላ ካርድ ላይ ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ያሳተመው ካርድ ዋና ሥዕሉ ጥድ አልነበረም፤ ጽዋ ያነሣ ቤተሰብ ነበር። ታዲያ በታኅሣሥ ፀሐይ ለምንቃጠለው ለእኛ በረዶው ምናችን ነው?

ሦስተኛው ገና የሚጫወት ልጅ ነው። ዱላው ከእጁ ጋር አልተገናኘም። በዚህ ሥራ ካርቶኑ እንዳይበጠስ በየመካከሉ ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ማያያዣ ያስፈልጋል፤ እሱም በሥዕሉ ላይ ክፍተት ሆኖ ይታያል። የጥዶቹ ሠሪ ክፍተቱን በእስክሪብቶ ደፍኖታል። ይህኛው ግን ትቶታል፤ ደግሞም ማያያዣውን የተወው በትክክለኛው ቦታ ነው፦ ዱላው ገና አሁን የተሰነዘረ ይመስላል። እጅ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ስፖንጁንማ ማንም ይመታዋል።

ጥዶቹን ለወዳጆቼ ላክሁ። ልጁን መላክ አልቻልኩም።