ሀሁ በልጅነት፣ ሀሁ በጉልምስና

ጠዋት ጠዋት በደብሩ ቅጥር ግቢ ሕፃናትን ፊደል አስቆጥራለሁ። ማታ ደግሞ ያንኑ ገበታ የልጆቹ እናትና አያት በሚሆኑ ሴቶች ፊት እሰቅላለሁ። «ልጅ ቶሎ ይይዛል፣ ትልቅ ሰው ግን ጭንቅላቱ ደርቋል» ሲባል እሰማለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለሚያስተምር ሰው ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

የአምስት ዓመት ልጅ ስንደዶውን ይዞ «መ ሙ ሚ ማ» ሲል ያነበበ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ስንደዶው ‹ሚ› ላይ ነው፣ አፉ ግን ‹ሞ› ደርሷል። ሌላውን በመዳፌ ከልዬ ‹ሜ›ን ብቻ ባሳየው ዝም ይላል። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከ‹መ› ተነሥቶ እየቆጠረ መምጣቱ ነው። የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። አባቶች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቀጠሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ረድፉ ይፈርሳል፣ የሚያንደረድር ጎረቤት ፊደል ይጠፋል፣ ልጁም መልኩን ማየት ግድ ይሆንበታል። (እርግጥ ብልጡ ልጅ አቡጊዳንም በዜማ ይሸመድደዋል። ለሱ መድኃኒቱ ከታች ወደ ላይ ማስቆጠር ነው።)

ጩኸታችንን የሚንቁ ብዙ ናቸው። እኔ ግን እሟገትለታለሁ። በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆን ፍላቬልና ባልደረቦቹ ለልጆች ሥዕሎች እያሳዩ ቅደም ተከተላቸውን እንዲያስታውሱ ጠየቁ፤ ልጆቹ እስኪጠየቁ ሲጠብቁም የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ ተከታተሉ። ከ20 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መካከል የሥዕሎቹን ስም ለራሳቸው ሲደጋግሙ የታዩት 2 ብቻ ነበሩ። ከ20 የአምስተኛ ክፍል ልጆች ግን 17ቱ ደጋግመዋል። ትንሹ ልጅ ይረሳ የነበረው አእምሮው ጠቦት ብቻ አይደለም፤ ለራሱ መድገም ገና ስላልመጣለትም ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ጩኸት ያንን ድግግሞሽ ከውጭ ይሰጠዋል። ማታ በጨለማ ውዳሴ ማርያምን ከታላቅ ተማሪ አፍ እየተቀበለ የሚያጠናውም በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ይህ ልምምድ ማስታወስን በጠቅላላው ያበረታል ወይ? ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ ጽፈዋል። ቁርዓን የተማሩት ሰዎች ቃላት አንድ በአንድ እየተጨመሩ በተርታ ሲነገሯቸው ከሌሎቹ በልጠው ያዙ፤ እንዲህ ያለ ተርታ በማይጠይቅ ፈተና ግን ብልጫው አልታየም። እኔም የማየው ይህንኑ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ከሱቅ ጨው ግዛ ብለው ቢልኩት ስኳር ይዞ ይመለሳል።

ወደ ማታዎቹ ልምጣ። አንዲት የጉሊት ነጋዴ የሰፈሩን ዱቤ ሁሉ በቃላቸው ይዘዋል፤ ማን ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደወሰደ፣ ደመወዝ መቼ እንደሚደርሰው፣ ማን እንደሚያንገራግር። ሰባቱን ሆሄያት በዜማ በሉ ስላቸው ግን አራተኛው ላይ ይስታሉ፣ ያፍራሉም። አንድ ማታ «የኔታ፣ ይሄኛው ሰ ከዚያኛው በምን ይለያል?» አሉኝ። ሕፃን ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሕፃን የሰጡትን ይቀበላል። «ይሄ እሳቱ ሰ፣ ያኛው ንጉሡ ሠ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ወዲያው ያዙት፣ ከዚያ በኋላም አልተምታታባቸውም፤ ፊደሉ የሚያውቁት ነገር ላይ ተሰቅሎላቸዋል። ከዚያ ማታ ጀምሮ ተርታውን ትተን በባለዕዳዎቻቸው ስም ቀጠልን። የጎደሉትን ፊደላት ኋላ ራሳቸው እየፈለጉ ሞሏቸው።

ነባሩ ሥርዓት ይህን የዕድሜ ለውጥ ያውቀዋል። በሕፃንነቱ የሰማውን እንዲደግም የታዘዘው ተማሪ፣ ጎርምሶ ቅኔ ቤት ሲገባ የትናንቱን ጉባኤ ቃና ዛሬ ቢያመጣ ተቀባይ የለውም፤ በየቀኑ አዲስ ይጠበቅበታል። ግሱና እርባ ቅምሩ በቃሉ ባይኖር ደግሞ የሚቆጥረው ቅኔ አይኖርም።

በየቀበሌው የማታ ትምህርት የምትጀምሩ ወጣቶች፣ እናቶቻችንን እንደ ሕፃን አታስጩኋቸው። በመጀመሪያው ማታ ስማቸውን፣ በሁለተኛው የሚሸጡትን ዕቃ አስጽፏቸው። ሕፃናቱን የምታስተምሩ ደግሞ እባካችሁ አቡጊዳን አትዝለሉ።