የሚጮኸው ቺንጋ

ጠዋት ሞተር ሲነሳ የሚጮኽ ቺንጋ በአብዛኛው ጥፋተኛው ራሱ አይደለም። ረዘም አድርጎ የሚያፏጭ፣ መብራትና ኤሲ ሲበራ የሚብስበት ከሆነ ላልቷል ወይም ዘይት ነክቶታል። ቁርጥ ቁርጥ እያለ ጭው ጭው የሚል ከሆነ ግን አንዱ ፑሌጃ ከሌሎቹ መስመር ወጥቷል። ለመለየት ሞተሩ እየሠራ በሸንተረሩ በኩል ጥቂት ውሃ መርጨት ይበቃል፤ ድምፁ ወዲያው ከበረታ መንሸራተት ነው፣ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ የመስመር መዛባት።

ውሃ መመርመሪያ ነው፤ ሳሙና ግን መደበቂያ። ሳሙና የተቀባ ቺንጋ ጥቂት ቀን ዝም ይልና አቧራውን ጠጥቶ ቦዩ ተደፍኖ ይመለሳል። ደንበኛው አመስግኖ መሄዱ ሥራው ለመሠራቱ ማስረጃ አይሆንም።

ጀማሪዎች «ሳይሰነጠቅ ለምን ይቀየራል?» ይላሉ። ጥያቄው ከኒዮፕሪን ዘመን የቀረ ነው። ያ ጎማ ሲያረጅ ስለሚሰነጠቅ ዐይን ይበቃው ነበር። ዛሬ የተለመደው ኢፒዲኤም የተባለ ጎማ ብዙም ሳይሰነጠቅ ይበላል፤ ቦዩ ይሰፋና ፑሌጃው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አድርጎ ቦዩን በጥፍር መዳሰስ ልዩነቱን ያሳያል።

ሲገዛ ቁጥሩ ይነበብ። 6ፒኬ1780 ማለት ባለ 6 ሸንተረር፣ 1780 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «ትንሽ ቢያጥርም ይገባል» ተብሎ በካቻቢቴ እየተፈለቀቀ የገባ ቺንጋ ላዩ ደህና መስሎ የውስጥ ክሩ ተጎድቷል።

አሮጌው ከወለቀ በኋላ ያለችው ጊዜ የሥራው ዋና ክፍል ናት፤ አብዛኛው ጋራዥ ግን ይዘላታል። እያንዳንዱ ፑሌጃ በእጅ ይሽከረከራል፤ ከሻከረ ወይም ከተወላገደ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥ ያለ ብረት የፑሌጃዎቹ ፊት ላይ ሲጋደም መስመር የሳተው ይታወቃል። የቆዩ መካኒኮች ገና ቺንጋው ሳይፈታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የኩሽኔታውን ድምፅ ከቺንጋው ይለያሉ። ረዳቶቻቸውን ከእነሱ ወደ ኋላ የሚያስቀራቸውም ይኸው ነው፤ መፍቻ መጨበጥ በጥቂት ወር ይለመዳል፣ ያ ጆሮ ግን ዓመታት ይፈልጋል።

ራሱ የሚወጥር ቴንሽነር በሌለው አሮጌ ኮሮላ ዲናሞው ተስቦ ይወጠራል። ጩኸት ለማፈን ከልክ በላይ መወጠር ዋጋውን የዲናሞና የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታዎች እንዲከፍሉ ማድረግ ነው። በረጅሙ ርቀት መሃል በአውራ ጣት ሲጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ያህል መስጠት ይበቃዋል። አዲስ ቺንጋ ጥቂት ስለሚለጠጥ፣ መብራትና ኤሲ በርቶ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ውጥረቱ እንደገና ይታያል።